ተከላው እስኪደርስ ልጁ በምን ቋንቋ ይኑር?

በአማርኛ አንድ ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። መጀመሪያ የሚለምደው ቋንቋም «አፍ መፍቻ» ነው። «ልሳን» የሚለው ቃል እንኳ በግእዝ ምላስ ማለት ነው። ቋንቋን ከአፍ ጋር ያቆራኘው ይህ አነጋገር ለአብዛኛው ሕፃን ስለሚሠራ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። መስማት ለተሳነው ሕፃን ግን አነጋገሩ ወደ ፍርድ ይለወጣል፤ አፉ እስካልተፈታ ድረስ ቋንቋ እንደሌለው፣ ቋንቋ እንዲኖረውም የግድ አፉ መፈታት እንዳለበት ተደርጎ ይታሰባልና።

ኮክሊየር ኢምፕላንት የተባለው የውስጠ ጆሮ ተከላ በዓለም ዙሪያ እየተስፋፋ በመጣበት በዚህ ዘመን ይህ እሳቤ አዲስ ጉልበት አግኝቷል። ልጃቸው እንደማይሰማ የተነገራቸው ወላጆች ባለሙያውን አስቀድመው የሚጠይቁት «መቼ ይናገራል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ከእርሱ እኩል መጠየቅ ያለበት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ፤ «እስከዚያ ድረስስ በምን ቋንቋ ይኖራል?» የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ተከላው የሚጠበቅበት ጊዜ ያለ ቋንቋ ማለፍ የለበትም፤ በተለይ መጠበቁ ረጅም፣ መጨረሻውም የማይታወቅ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የምልክት ቋንቋ ከምርመራው ቀን ጀምሮ ለሕፃኑ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ተከላውን መቃወም አይደለም። ተከላው ቢመጣም ባይመጣም ልጁ የሚቆምበት መሬት ማበጀት ነው።

መሣሪያው የሚሰጠውና የማይሰጠው

በጤናማ ውስጠ ጆሮ ውስጥ የድምፅን ሞገድ ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ለመስማት ዋናውን ድርሻ የሚይዙት የውስጠኛው ረድፍ ህዋሳት በአንድ ጆሮ 3,500 ገደማ ናቸው። እነዚህ ህዋሳት በውልደት ወይም በበሽታ ምክንያት ክፉኛ ከተጎዱ ድምፅን ብቻ የሚያጎላ የመስሚያ መሣሪያ ብዙም አይረዳም፤ የጎላውን ድምፅ የሚቀበል የለምና። ኮክሊየር ኢምፕላንት የተጎዱትን ህዋሳት አልፎ የመስማት ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ማይክሮፎንና ማቀናበሪያ ድምፁን ተቀብሎ በየድግግሞሹ ይከፋፍለዋል። በማግኔት ራስ ቅል ላይ የሚጣበቀው ማስተላለፊያ መልእክቱን ከቆዳ ሥር ወደተቀበረው ተቀባይ ይልካል። ከተቀባዩ የሚነሣው ቀጭን ገመድ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው ኮክሊያ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሥሪቱ ከ12 እስከ 22 በሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ነርቩን ይቀሰቅሳል።

ይህ የብዙ አሥርት ዓመታት ድካም ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በፓሪስ ጁርኖና ኤይሪየስ የመስማት ነርቭ በኤሌክትሪክ ሊቀሰቀስ እንደሚችል በአንድ ሕመምተኛ ላይ አሳዩ። በ1970ዎቹ በሜልቦርን ግሬም ክላርክ፣ በቪየና ኢንገቦርግ ሆክማየርና ኤርዊን ሆክማየር ብዙ ኤሌክትሮድ ያላቸውን መሣሪያዎች ለሰው አበቁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1990 ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕፃናት ፈቀደ፤ የዕድሜው ወሰን በ2000 ወደ 12 ወር፣ በ2020 ደግሞ ወደ 9 ወር ዝቅ ብሏል።

ሆኖም የሺዎችን ሥራ ከሁለት ደርዘን ያነሱ ኤሌክትሮዶች እንዲተኩ ሲደረግ የሚገኘው ድምፅ የተፈጥሮው ድምፅ አይደለም። የንግግር አጠቃላይ ቅርፅና የጊዜ ፍሰት በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፤ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት፣ እንዲሁም በጫጫታ መካከል የአንዱን ሰው ድምፅ ለይቶ የመስማት ችሎታ ግን ይጎድላል። መሣሪያው በተከፈተበት ቀን ሕፃኑ የሚሰማው ትርጉም ያልተሰጠው ምልክት ነው። ለዚያ ምልክት ትርጉም የሚሰጡት ለወራትና ለዓመታት መሣሪያውን ደጋግሞ የሚያስተካክለው ባለሙያ፣ የንግግር ሕክምናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕለት ዕለት ከልጁ ጋር የሚነጋገሩት ሰዎች ናቸው። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ከምክር አልፎ የሥነ ልሳን ግኝት ይሆናል።

ጊዜ የሚሠራውና የሚያፈርሰው

ቀድሞ መትከል ጥቅም እንዳለው የሚያጠራጥር አይደለም። አኑ ሻርማና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከ3 ዓመት ተኩል በፊት ተከላ ያገኙ ሕፃናት አንጎላቸው ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በአብዛኛው ከሚሰሙ እኩዮቻቸው ጋር ሲቀራረብ፣ ከ7 ዓመት በኋላ ያገኙት ግን በአብዛኛው ከዚያ መዘግየት አለመላቀቃቸው ታይቷል። ስለዚህ መትከል የሚቻልበት ሁሉ ሳይዘገይ መትከሉ ትክክል ነው።

ነገር ግን «ቀድሞ መትከል» እና «ቀድሞ ቋንቋ ማግኘት» አንድ ተደርገው ሲወሰዱ ስሕተት ይጀምራል። በኒፓርኮና ባልደረቦቹ መሪነት በአሜሪካ በ6 ማዕከላት ተካሂዶ በ2010 የታተመው ጥናት ከ5 ዓመት በፊት ተከላ ያገኙ 188 ሕፃናትን ለ3 ዓመታት ተከታትሏል። የንግግር ቋንቋቸው ከተከላው በፊት በነበሩበት ሁኔታ ይገመት ከነበረው በላይ አደገ፤ ቀድመው የተተከሉትም በፍጥነት በለጡ። ሆኖም ከ3 ዓመት በኋላም አማካይ ውጤታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ደረጃ አልደረሰም። ዕድገታቸውን ካፋጠኑት ነገሮች መካከልም ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያደርገው ተግባቦት ጥራት ይገኝበታል። እንግዲህ ጥሩ ገቢ፣ ጥሩ ሐኪምና መደበኛ ክትትል በሞላበት አገር እንኳ መሣሪያው ብቻውን ዋስትና አልሆነም።

የቋንቋ ክፍተት የሚያስከፍለውን ዋጋ በግልጽ ያሳየው ሬቸል ሜቤሪና ባልደረቦቿ በ2002 ያሳተሙት ጥናት ነው። የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ዘግይተው የተማሩ ሁለት ወገኖች ተወዳደሩ። አንደኛዎቹ ሰምተው፣ ንግግር ለምደው ኋላ ላይ መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ግን በሕፃንነታቸው በቂ ቋንቋ ያላገኙ ናቸው። ሁለቱም የምልክት ቋንቋን የጀመሩት በተቀራራቢ ዕድሜ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ እጅግ በለጡ። በእንግሊዝኛ ሲፈተኑም ተመሳሳዩ ታየ፤ በሕፃንነታቸው የምልክት ቋንቋ የለመዱት፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች፣ ሌላ የንግግር ቋንቋ ለምደው ኋላ እንግሊዝኛ ከተማሩ ሰሚዎች ጋር ተስተካከሉ፤ ቀድሞ ምንም ቋንቋ ያልነበራቸው ግን ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላልና ከባድ ነው፦ የመጀመሪያው ቋንቋ በጆሮም ይምጣ በዓይን፣ ለሁለተኛው መሠረት ይሆናል። መሠረቱ ሳይጣል ያለፈው ጊዜ ግን በኋለኛ ትጋት ሙሉ በሙሉ አይካካስም።

«ምልክት ንግግርን ይሰርቃል» የሚለው ስጋት

ይህ ስጋት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተካሄደው መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን ጉባኤ የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ ወሰነ፤ ተጽዕኖውም ከመቶ ዓመት ያላነሰ ቆየ። ዊልያም ስቶኪ በ1960 የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በ2010 በቫንኩቨር የተሰበሰበው ተከታዩ ጉባኤ የሚላኖን ውሳኔ በይፋ ውድቅ አደረገ። ይሁን እንጂ በተከላ ማዕከላት ዙሪያ ስጋቱ በአዲስ ቋንቋ ተመልሷል፤ «ልጁ በእጁ መናገር ከለመደ በአፉ ለመናገር አይደክምም፤ ለድምፅ የተመደበውንም የአንጎል ክፍል ዓይን ይወስደዋል» ይባላል።

ለዚህ ወገን ጠንካራ ሆኖ የሚጠቀሰው ጊርስና ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተከላ ያገኙ 97 ሕፃናት ተከፋፍለው ሲነጻጸሩ፣ የምልክት ተጋላጭነት ካልነበራቸው ከ70 በመቶ በላይ ለዕድሜያቸው የሚመጥን የንግግር ቋንቋ ላይ ሲደርሱ፣ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ምልክት ካገኙት የደረሱት 39 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ችላ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ያሻል። አንደኛ፣ በጥናቱ «ምልክት» የተባለው ከሙሉ ምልክት ቋንቋ ጀምሮ ከንግግር ጋር እስከሚጨመሩ ጥቂት ምልክቶች ድረስ ያሉትን በአንድ ጠቅልሏል፤ እያወሩ ጥቂት ቃላትን በእጅ ማጀብ ደግሞ ቋንቋ መስጠት አይደለም። ሁለተኛ፣ ምክንያትና ውጤት ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ልጁ በንግግር ሲፈጥን ቤተሰቡ ምልክቱን ይተዋል፤ ሲቸገር ግን ይዞ ይቀጥላል። እንዲህ ከሆነ ረጅም የምልክት ዘመን የችግሩ ምልክት እንጂ መነሻው አይሆንም። ከዚህም በላይ፣ ጥናቱ እንዳለ ቢወሰድ እንኳ፣ ምልክት ካላዩት መካከል ከአሥር ሦስት የሚጠጉት የሚጠበቀው ደረጃ ላይ አልደረሱም። እነዚያ ልጆች ሌላ ቋንቋ አልተሰጣቸውም። ክርክሩ የሚረሳቸው እነርሱን ነው።

በተቃራኒው ዴቪድሰን፣ ሊሎ-ማርቲንና ቸን ፒችለር በ2014 ያሳተሙት ጥናት ከውልደታቸው ጀምሮ ከወላጆቻቸው የምልክት ቋንቋ የለመዱ 5 ባለ ተከላ ሕፃናትን አጥንቶ፣ በእንግሊዝኛ ፈተናዎች ያስመዘገቡት ውጤት ምልክት ከሚናገሩ ወላጆች ከተወለዱ ሰሚ ሕፃናት ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ አግኝቶታል። የሕፃናቱ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ምልክት በራሱ ንግግርን ይከለክላል የሚለውን ጅምላ ፍርድ ለማፍረስ ይበቃል። የአንጎልን ጉዳይ በተመለከተም ላይነስና ባልደረቦቿ በ2013 የነበሩትን ጥናቶች መርምረው፣ የመስማት ክፍሉ ለሌላ ተግባር መዋሉ የሚመነጨው ከድምፅ እጦት መሆኑን፣ ምልክት መከልከልም ያንን እንደማያስቀር አስረድተዋል። ድምፅ ያላገኘ አንጎል ልጁ ምልክት ቢያይም ባያይም ይለወጣል።

ሌላው ተግባራዊ ተቃውሞ «ሰሚ ወላጆች ምልክት አይችሉም፤ የተበላሸ ቋንቋ ነው የሚሰጡት» የሚል ነው። በእርግጥ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ ከ9 የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ሆኖም ካሴሊ፣ ፓየርስና ሊበርማን በ2021 እንዳሳዩት ከሰሚ ወላጆች ተወልደው እስከ 6 ወር ዕድሜያቸው ድረስ ምልክት ማግኘት የጀመሩ ሕፃናት የቃላት ዕድገታቸው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ነበር። ወላጅ ከልጁ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢማር፣ ልጁም ከሌሎች ምልክት ተናጋሪዎች ጋር ቢውል፣ ቤቱ የቋንቋ ቤት መሆን ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የሁለት ቋንቋ ስጋት እንግዳ ሊሆንበት ይገባል። አዳማ የተወለደ ሕፃን አፋን ኦሮሞና አማርኛን እኩል ለምዶ ሲያድግ አንዱ ሌላውን ይሰርቀዋል ብሎ የሚሰጋ ጎረቤት የለም፤ እንዲያውም «ሁለት ቋንቋ ታደለ» ይባላል። ይህ ምርቃት መስማት ለተሳነው ልጅ ሲሆን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚለወጥበት ሳይንሳዊ ምክንያት አልተገኘም።

መጠበቁ የሚረዝምበት አገር

በበለጸጉት አገሮች የተለመደው መርሕ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ይባላል፤ እስከ 1 ወር መለየት፣ እስከ 3 ወር ምርመራን ማጠናቀቅ፣ እስከ 6 ወር እርዳታ መጀመር ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለእያንዳንዱ አራስ የመስማት ምርመራ የማድረግ ሥርዓት ገና ስላልተስፋፋ ችግሩ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ልጁ ባለመናገሩ ነው።

ለአብነት በአንድ የወረዳ ከተማ የሚኖር ቤተሰብን እናስብ። ሕፃኑ በአንድ ዓመቱ በማጅራት ገትር ታሞ ዳነ። በሁለት ዓመቱ አለመናገሩ ሲያሳስብ አያቱ «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» ብለው አጽናኑ። ቤተሰቡ ጸበል ወሰደው፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ወደ ትልቅ ከተማ። ምርመራው ሲጠናቀቅ ልጁ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ተከላ ሊረዳው እንደሚችል ተነገረ፤ በአደጉት አገሮች በብዙ አሥር ሺሕ ዶላር የሚቆጠረው ዋጋም ተጠቀሰ። ቤተሰቡ ረጂ ፍለጋ ተነሣ። እስከዚያው «ንግግሩን እንዳያበላሽበት» በሚል ምክንያት ምልክት እንዳያሳዩት ተመከሩ እንበል። ይህ ልጅ በሁለት ዓመቱ ምልክት ጀምሮ ቢሆን በአራት ዓመቱ ተረት የሚጠይቅ፣ ከታናሽ እኅቱ ጋር የሚጣላና የሚታረቅ፣ ትናንትን ከነገ የሚለይ ልጅ በሆነ ነበር። አሁን ግን ያለው በጣት መጠቆምና ማልቀስ ነው። ምክሩን የሰጠው ሰው ልጁን ለመጥቀም ነው ያሰበው። ያላሰበው የመጠበቂያውን ርዝመት ነው።

በምሳሌው ውስጥ የማጅራት ገትር መነሣት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። በሽታው መስማትን ከማጥፋቱ ሌላ የኮክሊያን ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለውጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ይከብዳል ወይም ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ሕፃን ሁሉ ሳይውል ሳያድር መስማቱ ሊመረመር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በልጅነት ከሚከሰተው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው፤ ክትባት፣ ጥንቃቄ ያልተለየው የወሊድ አገልግሎትና የጆሮ ቁስለት ሕክምና ከማንኛውም መሣሪያ ቀድመው የሚመጡ ናቸው።

ተከላው ከተገኘም በኋላ ጥያቄው አያበቃም። ማቀናበሪያው በባትሪ ይሠራል። ባትሪው በመብራት የሚሞላ ከሆነ መብራት ሲጠፋ፣ የሚጣል ከሆነ ከገበያ ሲጠፋ ልጁ ወደ ዝምታ ይመለሳል። ገመዱ ሲበጠስ መለዋወጫው ከውጭ ይጠበቃል። መሣሪያውን ለማስተካከል ቤተሰቡ ደጋግሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ይኖርበታል። መሣሪያው በተሟላበት ቤት እንኳ ልጁ ሲተኛና ሲታጠብ አውልቆት ነው። ልጁ ባለ ተከላ ቢሆንም መስማት የተሳነው መሆኑ አልቀረም፤ መሣሪያው በማይሠራበት ሰዓትም የሚያገለግል ቋንቋ ያስፈልገዋል።

የስሕተት ዋጋም እኩል አይደለም። ምልክት የተሰጠው ልጅ ኋላ ተከላ አግኝቶ በንግግር ቢሰምርለት ያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ያተረፈው ደግሞ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ምልክት የተከለከለው ልጅ ግን ተከላው ቢቀርበት ወይም ውጤቱ ቢደክም የሚያጣው የመጀመሪያ ቋንቋውን፣ ከእርሱም ጋር የማሰብና የመማር መሠረቱን ነው። ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ በማይቻልበት ጉዳይ አስተዋይ ሰው የሚመርጠው ቢሳሳት የሚታረመውን መንገድ ነው።

አማርኛ በኤሌክትሮድ ሲሻገር

በዘርፉ የተጻፈው አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርበት ቦታ አማርኛ ከሚያስቸግርበት ቦታ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ክፍት የሆነው መስክም እዚህ ነው።

በእንግሊዝኛ ባለ ተከላ ሕፃናት በቃል መጨረሻ የሚመጡ ደካማ ምዕላዶችን መያዝ እንደሚቸገሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። አማርኛ ደግሞ ብዙ መልእክት የሚሸከመው በቃል ጫፍ ነው። «ነገረችኝ» እና «ነገረችህ» የሚለዩት በመጨረሻው ድምፅ ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ ያመለጠው ልጅ የተነገረው ማን እንደሆነ አያውቅም። «ቤትህ» እና «ቤትሽ» የሚለዩትም በሁለት እስትንፋሳም ድምፆች ሲሆን ልዩነታቸው ተናጋሪው ወንድን ወይስ ሴትን እያናገረ እንደሆነ ይወስናል። «መታ» እና «መጣ»ን የሚለየው የ«ተ» እና የ«ጠ» ልዩነትስ በኤሌክትሮዱ በኩል ምን ያህል ያልፋል? በሌላ በኩል መጥበቅና መላላት በዋናነት የጊዜ ርዝመት ጉዳይ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ያልደረሰ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነገር የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና»ም እንደዚያው። መሣሪያው ጊዜን ከቅጥነትና ውፍረት በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ባለ ተከላ ሕፃናት ይህን ልዩነት ከጠበቅነው በላይ ሊይዙት ይችሉ ይሆናል። ይህ መላ ምት ነው፤ መላ ምቱ ግን የሚፈተን ነው፤ ለአንድ የማስተርስ ማሟያ ጥናትም የሚመጥን ነው።

ለዚህ ሁሉ መለኪያ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛን ፈተና ተርጉሞ አማርኛን መለካት አይቻልም፤ የሚፈተነው ምዕላድ ሌላ፣ ሕፃናት አስቀድመው የሚለምዱት ቃልም ሌላ ነውና። የሚሠራው መለኪያ በቤት ከሚሰሙ ቃላት ተነሥቶ በመጀመሪያ ሰሚ ሕፃናት ላይ መሞከር ይኖርበታል። ከአማርኛው ጎንም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መለኪያ ሊኖር ይገባል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው። የጣት ፊደሉ ግን ሁለቱን ያገናኛል፤ የእጁ ቅርፅ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ሰባቱን አናባቢዎች ስለሚያመለክት ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የፊደል ገበታ ለልጁ በዓይኑ ያቀርብለታል። በንግግር ብቻ የተለካ ልጅ «ሃምሳ ቃል ያውቃል» ሊባል ይችላል፤ በሁለቱም ቢለካ ግን መቶ ሃምሳ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

መነሻው የምክሩ ለውጥ ነው። መስማት አለመቻሉ በተረጋገጠበት ቀን ቤተሰቡ ሁለት ቀጠሮ ይዞ መውጣት አለበት፤ አንዱ ለመስሚያ መሣሪያና ለተከላ ግምገማ፣ ሌላው ለምልክት ቋንቋ። ሁለተኛው ቀጠሮ የመጀመሪያው ሲከሽፍ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ልጁ ወደ ምልክት ቋንቋ የሚደርሰው ወድቆና ዘግይቶ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ምልክትን የውድቀት ምስክር ወረቀት አድርጎ ያየዋል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሰው በአገሩ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ባህል በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር አባላቱ ቋንቋውን በየዕለቱ የሚኖሩበት ናቸው። መስማት የተሳነው ጎልማሳ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሕፃኑ ቤት ቢሄድ ለወላጆቹ ከምልክቶቹ ሌላ አንድ ነገር ይዞ ይገባል፤ መስማት የተሳነው ልጃቸው አድጎ ሠርቶ የሚያድር፣ ትዳር የሚመሠርት፣ የሚቀልድ ሰው መሆን እንደሚችል በዓይናቸው ያያሉ። ዋጋውም ከአንድ መሣሪያ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማርን እንድታመቻች ያስገድዳታል። ግዴታው ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት እስኪገባ ከቆየ ዋናው ጊዜ ያልፋል።

ተከላ የሚሰጡና የሚያስተባብሩ ወገኖችም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባትሪው፣ መለዋወጫው፣ ማስተካከያውና የንግግር ሕክምናው ለዓመታት የሚገኝበትን መንገድ ከቤተሰቡ ጋር ሊነጋገሩበት ይገባል። በዩኒቨርሲቲም የአንገት በላይ ሕክምና፣ የሥነ ልሳንና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች ስለ አንድ ልጅ በሦስት ሕንፃ ተለያይተው የሚያጠኑበት ልማድ ቢቀር፣ ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይጀምራሉ።

በተከላ መዝገብ ላይ ሁለት ቀኖች ይጻፋሉ፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትና መሣሪያው የተከፈተበት። ከእነርሱ በፊት አንድ ሦስተኛ መስመር ቢጨመር ምክሩም፣ ቀጠሮውም፣ ምርምሩም አቅጣጫ ያገኛል፦ «ልጁ ሙሉ በሙሉ ሊረዳው የሚችለውን ቋንቋ ማግኘት የጀመረበት ቀን»። ያ መስመር ባዶ ሆኖ የተገኘበት እያንዳንዱ መዝገብ፣ አፉ እስኪፈታ ሲጠበቅ እጁ ታስሮ የቆየ ልጅ ታሪክ ነው።